አርባ አንደኛዋ ወረቀት

ሻዩ ለሦስተኛ ጊዜ ፈልቶ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀዘቅዝ ልብስ ሰፊው አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላውን በካልሲ ብቻ እንደተወ መስኮቱ ፊት ቆሞ ነበር። የጠዋቱ ጸሎት ለሌላ ሰው ከአራት ደቂቃ አያልፍም። እሱ ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሮት አሁን ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሆኗል። መሀል ላይ ደርሶ ሐሳቡ ሹልክ ብሎ ወደ አንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ ከሄደበት ከመጀመሪያው ይነሣል። አንዲት ቃል ከጥርሱ መሀል ጠርታ ያልወጣች ከመሰለው እንደገና ከመጀመሪያው። ታች መንገድ ላይ አንድ መኪና ክላክስ አድርጎ ድምፁ "ይቅር በለን" ከሚለው ጋር ከተጋጨ ያው ከመጀመሪያው ነው። ጫማው በአንድ እግር የቀረውም ጸሎቱን ጨርሶ አንዱን ካደረገ በኋላ፣ "አሜኑን ብዬዋለሁ ወይስ አላልኩትም?" የሚል ጥርጣሬ ስለያዘው ነው። ጥርጣሬ ደግሞ ጫማ እስኪታሰር አይጠብቅም።

ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ ሁለት ዓመት የልብስ ሰፊ ሚስት ሆና ኖራለች፤ ከዓመት ከመንፈቅ ወዲህ ግን ሰፈሩ ባሏን "መነኩሴው" ብሎ ሰይሞላታል። ስሙን ሲያወጡለት መነኩሴ ሚስት እንደሌለው ያስታወሰ አልተገኘም። "ኧረ ረፈደ" ልትለው አፏን ስትከፍት ከኋላዋ የተተኮሰ ሸሚዝ ሽታ መጣ። የባሏ ታላቅ እህት ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ "እሽሽ፣ ሙሽራዬ። ተመስጦ ላይ ነው" አለቻት።

"በአንድ ጫማ ነው እኮ የቆመው፣ እትዬ" አለች ሚስቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"ድሮስ በተቀደሰ ቦታ ጫማ ይወለቃል እንጂ ይደረጋል እንዴ?" አለች እትዬ። መልስ ጠፍቷት አያውቅም።

እትዬ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆና ሠርታ ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለመች። ሰዓቱን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች፤ ሰዓቱ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ተሰቀለ፣ እሷ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል ያዘች። ጊዜ የሚቆጥር ነገር ተሸልማ ጊዜውን የምታሳልፍበት ሥራ ግን አልነበራትም። ሥራውን ያገኘችው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ የወንድሟ ቅድስና ሥራዋ ሆነ። መጀመሪያ ለታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነገረች፣ ታችኛው ፎቅ ለላይኛው ነገረ፣ ወሬው ደረጃ እየዘለለ ዳቦ ቤቱ ደረሰ። ከዚያ ሰዎች ወረቀት መላክ ጀመሩ። ልጄ ፈተና እንዲያልፍ፣ አከራዬ ልቡ እንዲራራ፣ ጉልበቴ እንዲሻለኝ። እትዬ የሰው እጅ ጽሑፍ አይታ ዝም ማለት አትችልምና ሁሉንም በዚያ ክብ ክብ በሚለው የጸሐፊ ጽሑፏ ገልብጣ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ጠርዙን በመቀስ አስተካክላ በአሮጌ የልብስ ቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ደረደረችው። የሰው ስም አታሰፍርም። "እግዜር መዝገብ ቤት አይደለም፤ ማን እንደሆኑ ያውቃል" ትላለች። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ስልሳ ሦስት ደርሰዋል። ልብስ ሰፊው እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ነውና ከራሱ ጸሎት ቀጥሎ ስልሳ ሦስቱንም በየቀኑ ያነባል፤ አንዷን አደናቅፎ ካነበበ የዚያች ሴትዮ ልጅ ፈተና የሚወድቀው በእሱ ምላስ የተነሣ ይመስለዋል።

ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። ማድ ቤቷ ሁለት ክንድ ተዘርግቶ የማይዞርባት ጠባብ ናት፤ መስኮቷ ወደ ደረጃው ስለሚከፈት የሕንፃው ወሬ ሁሉ ከሽንኩርቱ ጋር እዚያው ይከተፋል። ከስኳሩ ጣሳ ጀርባ የሸሸገቻትን የቀጠሮ ካርድ አወጣችና አየቻት። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት፣ የአእምሮ ጤና ክፍል፣ ወረፋ ቁጥር አሥራ አራት። ትናንት ካርዷን ስታሳየው ልብስ ሰፊው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እያዞረ፣ "ሄጄ ይሄ በሽታ ነው ቢሉኝስ?" አላት። "በሽታ ከሆነ መድኃኒት አለዋ" ስትለው፣ "ጸሎቴን ቢወስዱብኝስ? ሌላ ምን አለኝ?" አላት። እሄዳለሁም አላላት፣ አልሄድምም አላላት። እሷም "እኔ አለሁህ" ልትለው ፈልጋ ተወችው፤ ከጸሎት ጋር ለመፎካከር ድፍረቱም አልነበራትም። ያስፈራት ሁለት ነገር ነው። ካልሄደ ባሏ ቀስ በቀስ እዚያ መስኮት ፊት ሊቀር ነው። ከሄደ ደግሞ እትዬ፣ "ወንድሜን እብድ አደረግሽው" ብላ እስከ ዕለተ ሞቷ አትለቃትም።

ይህን እያሰበች ሳለ ከደረጃው ድምፅ መጣ። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት ናት፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትሠራለች። ለአንዷ፣ "ታድላ የማታውቅ ሴት!" ትላታለች። "የኔውን በስንት ጉትጎታ ነው እሁድ እንኳ ከአልጋ የማነሣው። እሷ ቅዱስ አግብታ ፊቷን ታጠቁራለች። አንዳንዱ ሰው ሲሰጠው አያይም።" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይህች መስኮት ግን ተረቱን ካፈረሰችው ቆይታለች። ሚስቱ ካርዷን ጡት መያዣዋ ውስጥ ወሸቀች፣ ሻዩን ለአራተኛ ጊዜ ጣደች፣ ከዚያ ሐሳቧን ለውጣ አጠፋችው።

ሱቃቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ በፎቶ ቤትና በቀለም መደብር መሀል የተሰነቀረች ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጫፍ ትዘመዝማለች፣ ደንበኛ ታባብላለች። ድሮ የማባበሉ ሥራ ትንሽ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከመዘምዘሙ በለጠ። "አሥር ጊዜ ለካ አንድ ጊዜ ቁረጥ" የሚለውን ለእሷ ራሱ ነው ያስተማራት፣ ሲጋቡ ሰሞን። አሁን አሥሩ አልበቃ ብሎታል፤ አንዱ ደግሞ አልመጣ ብሏል። በወር አንድ ፓኮ ጠመኔ ይበቃው የነበረ ሰው በሳምንት አንድ ይጨርሳል። ጠረጴዛው ላይ አምስት ሳምንት የተኛው ጥቁር ጨርቅ የቄሱ ቀሚስ ሊሆን የመጣ ነው። የቄስ ልብስ ነውና ስህተት አይገባውም ብሎ በየቀኑ ይለካዋል፣ ልኩ በየቀኑ ያው ይሆናል፣ እሱም እርግጠኛ ለመሆን ከትናንቱ መስመር አጠገብ ፀጉር በምታህል ርቀት ሌላ መስመር ያሰምራል። ጨርቁ ነጭ መሬት ላይ የተሣለ ጥቁር ይሁን ወይስ ጥቁር መሬት ላይ የተሣለ ነጭ፣ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኗል።

ዕለቱ ቄሱ የሚመጡበት ቀን መሆኑን ሚስቱ ረስታው ነበር። አምስት ሰዓት ላይ በሩን ሞልተው ገቡ፤ ስድሳን ያለፉ፣ ሰውነታቸው የደላ፣ የአሮጌ ቀሚሳቸው ክርን በሌላ ቀለም የተጣፈ ሰውዬ ናቸው።

"እህስ ልጄ፣ ቀሚሴ ተወለደች?" አሉ።

"እየለካሁ ነው፣ አባ።"

ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ጨርቁ ላይ አጎነበሱ። ለረጅም ጊዜ አዩ። "ከዚህ ሁሉ መስመር የኔ የቱ ነው?"

"ሁሉም የእርስዎ ነው።"

"ይህን ያህል መሆኔን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም" አሉ ቄሱ፤ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ልብስ ሰፊው ግን አልሳቀም። የቄስ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት እጁን መታጠብ አለበትና ወደ ጓዳው ቧንቧ ገባ። ሚስቱ የውኃውን ድምፅ ሰማች። ከልምዷ ስታውቀው ለስድስት ደቂቃ አይወጣም፤ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሰው ዓመት ከመንፈቅ የያዘውን ሁሉ መናገር ይችላል። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ጫማውን፣ ሻዩን፣ መስኮቱን፣ ስልሳ ሦስቱን ወረቀቶች፣ ካርዷን ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ፣ "አባ፣ አንዴ የተባለ ጸሎት አይሰማም ወይ?" አለቻቸው፤ ሳታስበውም እንባዋ መጣ። ያስለቀሳት ጸሎቱ አልነበረም። ባሏ ከፊቷ ተቀምጦ ሳለ ናፍቋታል፤ ለማንም ብትናገረው "ምን ሆነሽ፣ ቤት አይደል እንዴ ያለው?" ነበር የምትባለው።

ቄሱ መስታወቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሯ ሲጥ አለች። "ተማሪ ሳለሁ" አሉ፣ "መብራት አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ እመለስ ነበር፣ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት። አንድ ማታ አሥራ አንዴ ተመለስኩ። ቤቱ ቢቃጠል ኃጢአቱ የኔ ነው ብዬ። መምህሬ ምን አሉኝ መሰለሽ? 'አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የምትመለስ ከሆነ እግዚአብሔር የሚሠራው ምን ቀረው?' አሉኝና እጄን ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ባያደርጉት ዛሬም እዚያ በር ላይ ነበርኩ።" መነጽራቸውን አወለቁና፣ "ስንት ሰዓት ነው ቀጠሮው?" አሉ።

ልብስ ሰፊው እጁን እያንጠባጠበ ሲወጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ሚስቱን አያት፤ እሷ መርፌዋን አየች። ቄሱ፣ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን እንሄዳለን" ሲሉት ፊቱ ነጣ።

"አባ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ጸልይ ያሉኝ?"

"ጸልይ አልኩህ እንጂ ጸሎቱን ፈትሽ አልኩህ? እኔ እንኳ ስንት ቀን ቆሜ ስጸልይ ሐሳቤ ምሳዬ ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከላይ የመጣ ቅሬታ የለም።"

"የእርስዎና የኔ አንድ ነው?"

"አይደለም" አሉ ቄሱ። "እኔ የተጣፈ ለብሼም እጸልያለሁ።"

ሱቁን ሲዘጉ ልብስ ሰፊው ቁልፉን ሰባት ጊዜ ጎትቶ አየ። ለስምንተኛው ሲመለስ ቄሱ መክፈቻውን ከእጁ ወስደው ኪሳቸው ከተቱትና መንገድ ጀመሩ። እሱም መክፈቻውን ተከትሎ ሄደ፤ ከሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሌላ ዘዴ ቢፈለግ ይህን ያህል አይሠራም ነበር።

የአእምሮ ጤና ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከጥርስ ክፍል አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ እዚያ ወረፋ የሚይዝ ሰው ሁሉ ጉንጩን ይዞ፣ ጥርሱን ያመመው እየመሰለ ነው የሚመጣው። ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ ሰው ጫማውን እያየ ይቀመጣል። ሦስቱ ሲገቡ ግን ሁሉም ቀና አለ። አንዲት አሮጊት በሐዘን አንገታቸውን እየነቀነቁ ለቄሱ ቦታ ለቀቁላቸው። "እሳቸውም?" የሚል ሹክሹክታ አግዳሚውን ከዳር እዳር ዞረው። ቄሱ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው በሰፊው ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይተውም ለአሮጊቷ፣ "ምን ይደረግ እናቴ፣ ጉልበት ብቻ አይደል፣ ጭንቅላትም ያረጃል" አሏቸው። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ ስለ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ፤ እስኪጠሩም አላቆሙም።

የልብስ ሰፊው ሚስት ከፊት ለፊቷ አንዲት ሻርፕ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች፣ ጋዜጣ የዘረጋች ሴት አየች። ጋዜጣው የተገለበጠ ነበር። ጫማዋን ስታይ ግን ለየቻት፤ ይህች ጫማ በየጠዋቱ ደረጃውን እያንኳኳች የምትወርድ ናት። የሁለተኛው ፎቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ሁለቱም ተያዩ።

"እኔ እንኳ ለሰው ካርድ ላወጣ ነው" አለች ገንዘብ ተቀባይዋ።

"እኛም ለሰው ነው" አለች ሚስቱ።

ከዚያ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋዜጣውን አጠፈችና ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። "እንቅልፍ እምቢ ካለኝ አራት ወር ሆነኝ" አለች። "ለመነኩሴ... ለባልሽ ወረቀት ሰጥቼው ነበር።"

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። "አሥራ ዘጠነኛዋ አንቺ ነሽ? 'ለአንዲት ሴት፣ እንቅልፍ እንዲመጣላት'?" ብሎ ጠየቃት። እንዳፈረ ሰው አንገቱን ደፍቶም፣ "አንድም ቀን ዘልያት አላውቅም" አለ።

"አውቃለሁ። አንተ ጋም ሰጠሁ፣ እዚህም መጣሁ። የሚሠራው የቱ እንደሆነ ስላላወቅሁ ሁለቱንም ይዣለሁ።" ወደ ሚስቱ ዞር ብላ፣ "ጠዋት ደረጃ ላይ ያልኩትን ሰምተሽዋል አይደል?" አለቻት።

"ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር" አለች ሚስቱ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሳቀች፤ እሷም ሳቀች። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ማን ከማን እንደሚሻል የሚለይ ነገር አልነበረም።

ተራቸው ደርሶ ሦስቱም ገቡ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጠረጴዛዋ በወረቀት የተሞላ፣ ምሳ ያልበላች የምትመስል። ልብስ ሰፊውን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት፣ ከመቼ ወዲህ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም እንደ ልብስ ልክ በትክክል ነገራት። ጻፈች። ስትጽፍ አንድም ጊዜ አልደነገጠችም፤ ያ ነገር ብቻውን ትከሻውን ትንሽ አወረደለት። በመጨረሻ የሸሚዙን ቁልፍ ያዘና፣ "ጸሎቴን ሊወስዱብኝ ነው?" አላት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ወስጄ የት አደርገዋለሁ? መሳቢያዬም ሞልቷል" አለች። "እኔ የማክመው ፍርሃቱን ነው። ጸሎቱ የእርስዎ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው ልብዎ 'አሁን በቃ' የሚልዎት?"

ልብስ ሰፊው አሰበ። በእውነት አሰበ። "ብሎኝ አያውቅም" አለ። "ደክሞኝ ነው የማቆመው።"

"እሱን ነው የምናክመው" አለች። አንዲት እንክብል በቀን፣ በሳምንት አንድ ቀን ከእሷ ጋር መነጋገር። ቶሎ እንደማይሻለው ነገረችው፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንድ ቀን ወደ ኋላም ይመለሳል። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠችው። ዛሬ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ይጸልያል። ምላሱ ከተደናቀፈ ስህተቱን እዚያው ትቶት ያልፋል። "ይተዉት" አለች፣ "የወደቀ ቃል አይነሣም።" ስለ ስልሳ ሦስቱ ወረቀቶች ስትሰማ ግን ሳታስበው ወደ ቄሱ ዞረች። ቄሱም እጃቸውን ዘረጉ። "ወዲህ በላት። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው" አሉ። ልብስ ሰፊው ቆርቆሮዋን ከቦርሳው አወጣት፤ ያለ እሷ የትም አይሄድም። ቄሱ ሲቀበሉት ጣቶቹ ክዳኑ ላይ ትንሽ ዘገዩ። ቄሱም አልጎተቱትም፣ ጠበቁት። በመጨረሻ ለቀቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ሲደርሱ እትዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ስልሳ አራተኛዋን ወረቀት ጠርዟን እያስተካከለች ነበር። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ የላካት ናት፤ ለእርሾ ይሁን ለሚስቱ በግልጽ አልታወቀም። "ሱቅ ብልክ ዝግ ነው አሉኝ" አለች። የልብስ ሰፊው ሚስት ውሸት ፈለገች፤ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቆንጆ ውሸት ስታሰናዳ ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊው ግን ውሸት ከተናገረ ስንት ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና፣ "ሐኪም ቤት ነበርን፣ እትዬ። የአእምሮ" አለ።

የተሸለመችው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ስትል ተሰማች። ሚስቱ ኮቷን እንደለበሰች ቆማ የሚመጣውን ስድብ ጠበቀች። እትዬ መቀሷን አስቀመጠች፣ የወረቀቱን ብናኝ በመዳፏ ሰበሰበች፣ ወዴት እንደምትጥለው ጠፍቷት መልሳ በተነችው።

"ቆርቆሮውስ?" አለች።

"ለቄሱ ሰጠኋት። ከእንግዲህ እሳቸው ይጸልዩላቸዋል።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አንዷን ማስቀረት ነበረብህ" አለች እትዬ። ድምጿ የጸሐፊ ድምፅ አልነበረም።

"የትኛዋን?"

"አርባ አንደኛዋን።"

ልብስ ሰፊው ስልሳ ሦስቱንም በቃሉ ያውቃቸዋል። "ለአንዲት እህት ወንድም፤ ልቡ እንዲያርፍለት" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ እህትየዋ ማን ናት?" ብሎ ጠየቃት።

እትዬ የሸሚዟን ኮሌታ አስተካከለች። የተስተካከለ ነበር። "እኔ ሌላ ወንድም አለኝ እንዴ፣ ማሙሽ?" አለችው።

የሃምሳ ዓመት ሰው ማሙሽ ሲባል የሚስቅ ይኖራል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ወዲያው የሳቀ አልነበረም። እትዬ ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች። መጀመሪያ እውነትም ቅድስና መስሏት ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር፣ በቤታችን ቅዱስ ተገኘ ብላ። አንድ ሌሊት ግን ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ እንደቆመ እያለቀሰ አየችው። "ቅዱስ እንዲህ አያለቅስም አልኩ" አለች። "ቅድስና ካልሆነ ግን ምን ሊሆን ነው? እሱን ማሰቡ አስፈራኝ። ለሰው ደግሞ ነግሬያለሁ፤ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ጻፍኩና ከሌሎቹ ጋር ከተትኩት።" ሚስቱ ይህን ስትሰማ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በዚህች ሴት ላይ የቋጠረችው ቂም የት እንደሚቀመጥ ግራ ገባት። ለካ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ፍርሃት ይዞ፣ አንዷ ካርድ ከስኳር ጣሳ ጀርባ፣ አንዷ ወረቀት ከቁልፍ ቆርቆሮ ውስጥ ሲደባበቁ ነው የኖሩት። ሄዳ እትዬ አጠገብ ተቀመጠች። የወረቀቱን ብናኝ አብራት ትለቅም ጀመር።

ልብስ ሰፊው ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። "እኔ እኮ" አለ በመጨረሻ፣ "ከስልሳ ሦስቱ ሁሉ አብልጬ የማዝነው ለዚህ ሰውዬ ነበር። ምስኪን፣ ምን ቢሆን ነው እህቱ እንዲህ የጨነቃት እያልኩ። ሁለት ሁለቴ አነብለት ነበር።" ያኔ ሚስቱ ቀድማ ሳቀች፣ ከዚያ እሱ፤ እትዬም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ "አየህ፣ ተሰምቶልሃል" አለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሚስቱ ሻይ ጣደች። ልብስ ሰፊው ሁለቱንም ጫማውን አውልቆ መስኮቱ ፊት ቆመ። እትዬ ከልማዷ የተነሣ በሩ ጋ ሄዳ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ ዝም የሚያሰኙት ሰው ግን አልነበረም። ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ፣ ያቺው "ይቅር በለን" ላይ፣ ምላሱ ተደናቀፈ። ሦስቱም ሰሙት። ቆመ። ሚስቱ ማንቆርቆሪያው እጀታ ላይ እጇን እንዳደረገች ቀረች፤ ጀርባው ሲወጠር፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ሲወጣ ታያለች። ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ነው አለች በልቧ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ አለ። እትዬ ዓይኖቿን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የራሷን ስትል ይሁን የእሱን ስታግዘው አይታወቅም።

ልብስ ሰፊው በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ከቆመበት ቀጠለ። አሜን አለ። አንዴ።

ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ሲቀመጥ ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር፤ ጨርቅ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ይመስላል። እጆቹ ወደ መስኮቱ መመለስ እንደፈለጉ ነበር፤ ሥራ እንዲይዙ ሚስቱ ብርጭቆውን ሰጠቻቸው። እንደ ሁልጊዜው ቀዝቅዟል ብሎ በአንድ ትንፋሽ ሊጨልጠው ሲል ጮኸና ምላሱን ያዘ።

"ምነው?" አለች እትዬ ደንግጣ።

"አቃጠለኝ" አለ። ብርጭቆውን አየው፣ እንፋሎቱን አየው፣ ከዚያ ሚስቱን አየ፤ ብዙ ጊዜ እንዳላያት ሰው። "ለካ ትኩስ ነው የሚጠጣው።"

"ቀስ ብለህ ጠጣ" አለችው።